የሻርትረዝ ገዳም መሥራች የብሩኖ ታሪክ

በፈረንሳ አገር ከግረኖብል ከተማ በስተሰሜን፥ በአልፕስ ተራሮች መካከል፥ ታላቁ ሻርትረዝ የሚባል ገዳም አለ። ዓለም ይህን ስም የሚያውቀው መነኰሳቱ ከዕፅዋት በሚያወጡት አረቄ ነው። ገዳሙን የመሠረተው ብሩኖ ግን አረቄውን አላየም፥ አልቀመሰምም፤ ከሞተ ከ500 ዓመት በኋላ የመጣ ነውና።

ብሩኖ በ1030 ዓመት ገደማ (አቈጣጠሩ ሁሉ የኤውሮጳ ነው) በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተወለደ። በሬምስ ተምሮ በዚያው ወንበር ዘርግቶ ሃያ ዓመት ያህል አስተማረ። ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ ኋላ ፓፓ ኡርባኖስ ዳግማዊ የተባለው ነው።

በዚያ ዘመን የሬምስ ሊቀ ጳጳስ ምናሴ ሹመቱን በገንዘብ ያገኘ ሰው ነበረ። ብሩኖም ዝም ብሎ በክብር መኖር ሲቻለው፥ በ1077 ዓመት በኦተን በተደረገው ጉባኤ ከከሳሾቹ ጋራ ቆመ። ምናሴም ተቈጥቶ ቤታቸውን አፈረሰ፥ ገንዘባቸውንም ወረሰ። በ1080 ዓመት ምናሴ በተሻረ ጊዜ ብዙ ሰዎች ወንበሩ ለብሩኖ ይገባል ብለው ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ከሁለት ወዳጆቹ ጋራ በአንድ የአትክልት ስፍራ ተቀምጦ ዓለምን ሊተው ተስሏልና ሹመቱን ሸሸ። ከሁለቱ አንዱ ራውል የሚባለው በሬምስ ቀረ። ብሩኖም በሽምግልናው ከሩቅ አገር ደብዳቤ ጽፎ ስእለቱን አሳሰበው፤ ራውል ግን አልመጣም፤ እንዲያውም የሬምስ ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

በ1084 ዓመት ብሩኖ ስድስት ባልንጀሮች አስከትሎ ወደ ግረኖብል ኤጲስ ቆጶስ ወደ ሁግ ደረሰ። ሁግ አስቀድሞ ሰባት ከዋክብት በሕልሙ አይቶ ነበር ይባላል። እርሱም በረዶ ወደሚበዛበት ወደ ሻርትረዝ በረሓ መራቸው። በዚያም እያንዳንዱ በበኣቱ ብቻውን የሚጸልይ፥ የሚሠራና የሚመገብ፥ ሌሊት ግን ከወንድሞቹ ጋራ በቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሆነ። የአስቄጥስን አባቶች ኑሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥርዓት እንግዳ አይለውም።

ስድስት ዓመት ያህል እንደ ቈየ፥ በ1090 ዓመት፥ ኡርባኖስ መምህሩን ወደ ሮማ ጠራው። መታዘዝ ግድ ነበረ። ማኅበሩም እረኛ እንዳጣ መንጋ ተበተነ፤ ኋላ ግን ተጽናንቶ ተመለሰ። ፓፓው የሬጅዮን ሊቀ ጵጵስና ቢሰጠው ብሩኖ እምቢ አለ፤ በካላብሪያ ጫካ ሁለተኛ ገዳም አቆመ። የሚወደውንም ተራራ ዳግመኛ ሳያይ በ1101 ዓመት በኦክቶበር 6 ቀን ዐረፈ። በ1132 ዓመት የበረዶ ናዳ የመጀመሪያውን ገዳም አፍርሶ መነኰሳትን ስለ ገደለ፥ የቀሩት ወደ ታች ወርደው ሠሩ።

የአረቄው ነገር እንዲህ ነው። በ1605 ዓመት ዴስትሬ የሚባል ፈረንሳዊ መኰንን የአንድ መድኃኒት አቀማመም የተጻፈበትን ብራና በፓሪስ ላሉት የሻርትረዝ መነኰሳት ሰጠ። ጽሑፉ ለመረዳት አስቸጋሪ ነበረና ሥራው በታላቁ ገዳም የተፈጸመ በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በውስጡ 130 ዕፅዋት እንዳሉ ይነገራል፤ ምሥጢሩንም የሚያውቁ ጥቂት መነኰሳት ብቻ ናቸው። በ1903 ዓመት መንግሥት ባባረራቸው ጊዜ ምሥጢሩን ይዘው ወደ እስጳንያ ሄዱ፥ በታራጎናም አረቄውን አወጡ።

በ2019 ዓመት፥ ፈላጊው እየበዛ ሳለ፥ መነኰሳቱ የሚወጣውን አረቄ መጠን ላለመጨመር ወሰኑ። ምክንያታቸውም ሥራው የጸሎታቸውንና የብቸኝነታቸውን ጊዜ እንዳይወስድባቸው ነው። ነጋዴዎቹም የሚያገኙትን ተካፍለው መሸጥ ሆነባቸው።