ጌይ ሉሳክና የጠብታ ልክ

ተማሪዎች ሆይ፥ በአዋሽ ወይም በሰመራ የምትኖሩ እንደ ሆነ ከሱቅ የተገዛ ኮምጣጤ አይታችሁ ይሆናል። ሻጩ ውኃ ጨምሮበት እንደ ሆነ በምን ታውቃላችሁ? ምላስ መኮምጠጡን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። መጠኑን በጠብታ መለካት እንዲስፋፋ ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ፥ የጋዞችን ሕግ ስታጠኑ ስሙን የምታነሡት ጆሴፍ ሉዊ ጌይ ሉሳክ ነው።

ጌይ ሉሳክ በ1778 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ አብዮቱ ፈንድቶ አባቱ ታሰረ። ይሁን እንጂ በ1797 ዓ.ም. ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገብቶ ተማረ፤ በኋላም የታላቁ ኬሚስት የበርቶሌ ረዳት ለመሆን በቃ። በ1804 ዓ.ም. ብቻውን በባሉን ተሳፍሮ ወደ 7,000 ሜትር ያህል ወጣ። ይህ ከፍታ ከራስ ዳሸን ጫፍ እጅግ የላቀ ነው። ከዚያ አየር በጠርሙስ ይዞ ወረደና ቢመረምረው፥ የኦክሲጅኑ ድርሻ ከምድሩ አየር ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። በ1808 ዓ.ም. ግን በፖታስየም ላይ ሲመራመር ፍንዳታ ደርሶ ዓይኖቹን ጎዳው።

ይህ ዓይኑ የተጎዳ ሰው ነው እንግዲህ የቀለምን ለውጥ ነቅቶ መጠበቅ የሚጠይቀውን አለካክ ያሻሻለው! እርግጥ ሐሳቡን የጀመረው እርሱ አይደለም፤ ዴክሯዚይ የተባለ ያገሩ ሰው ቀድሞታል። ቢዩሬትና ፒፔት የሚባሉት ስሞች ግን የተለመዱት በ1824 ዓ.ም. እርሱ ካወጣው ጽሑፍ በኋላ ነው።

ኮምጣጤውን ብትመረምሩ ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አሥር እጥፍ በውኃ ታቀጥኑታላችሁ። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ቀድታችሁ ፌኖልፍታሊን ትጨምሩበታላችሁ። ቀጥሎም 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቢዩሬት ታንጠባጥባላችሁ። ፈዛዛው ሮዝ ቀለም ሳይጠፋ ሲቆይ ማንጠባጠቡን አቁሙ። አምስት በመቶ አሲድ ያለው ኮምጣጤ ከቤዙ 8.3 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈጃል። አራት ብቻ ከፈጀ ጥንካሬው በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው።

ጌይ ሉሳክ በ1829 ዓ.ም. በፓሪስ የገንዘብ መሥሪያ ቤት የብር መርማሪዎች አለቃ ሆነ። መርማሪዎቹ ብሩን በእሳት አቅልጠው ሲፈትኑት ጥቂቱ ይባክን ስለ ነበር፥ ንጥረቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይገመት ነበር። በዚህም መንግሥት ይጎዳ፥ ነጋዴ ያተርፍ ነበር። እርሱ ግን ብሩን በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ፥ መጠኑ የታወቀ የጨው ውኃ ጨመረበት። ነጭ ዝቃጭ መውጣቱ ሲያበቃ ብሩ ሁሉ ተለይቷል ማለት ነው። ጨውም ሌላ ሳይሆን ከአፍዴራ እንደሚመጣው ያለ የገበታ ጨው ነበር። ይህን ዘዴ በ1832 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1850 ዓ.ም. በፓሪስ ሲሞት 71 ዓመቱ ነበር።