ቴዎዶር ሽዋን፦ የሕዋስን ሕያውነት ያስተማሩ ሊቅ

በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ተማሪዎች ሕዋስ የሕይወት መሠረታዊ አሃድ መሆኑን ይማራሉ። ይህን ሐሳብ ከዕፀዋት አልፎ እንስሳትንም እንዲያካትት ያደረጉት ቴዎዶር ሽዋን እ.ኤ.አ. በ1810 በራይን ወንዝ አቅራቢያ በምትገኘው በኖይስ ከተማ ተወለዱ። በቦን፣ በቩርዝቡርግና በበርሊን ሕክምና ካጠኑ በኋላ በታዋቂው ፊዚዮሎጂስት በዮሐንስ ሙለር ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኑ። በ1836 በጨጓራ ውስጥ ምግብን የሚያብላላውን ንጥረ ነገር ለይተው ፔፕሲን ብለው ሰየሙት።

በ1837 ያሳተሙት ጥናት ስለ እርሾ ነበር። ሊጥ ኩፍ የሚለው፣ ጠጅም የሚፈላው በዚሁ በእርሾ ሥራ ነው። ሽዋን እርሾ እያቆጠቆጠ የሚባዛ ሕያው አካል መሆኑን፣ ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠውም በሕይወት ሳለ መሆኑን አሳዩ። በዘመኑ የኬሚስትሪ ታላላቆች የነበሩት ሊቢግና ቮለር ግን በ1839 ስማቸውን ሳይገልጹ ባወጡት ጽሑፍ እርሾን ስኳር በልታ አልኮል እንደምታስወጣ ጥቃቅን እንስሳ አድርገው ተሳለቁበት። ሽዋን ትክክል እንደነበሩ የሉዊ ፓስተር ምርምር ያረጋገጠው ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ ነው።

የዕፀዋት ተመራማሪው ማቲያስ ሽላይደን በማዕድ ላይ ሳሉ ስለ ዕፀዋት ሕዋስ ኑክሊየስ አጫወቷቸው። ሽዋን ተመሳሳዩን በእንቁራሪት ጩጬ የጀርባ ዘንግ ውስጥ አይተው ነበርና ሁለቱ ወዲያውኑ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። በ1839 የታተመው የሽዋን መጽሐፍ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ጥፍርና ላባ ሳይቀሩ ከሕዋሳት የተገኙ መሆናቸውን በዝርዝር አስረዳ። ከሁሉ የሚልቀው ግን በሕዋስ ውስጥና በዙሪያው የሚካሄደውን ኬሚካዊ ለውጥ ራሱን የቻለ የሕይወት ተግባር አድርጎ ማቅረቡ ነው፤ ዛሬ ሜታቦሊዝም የሚባለው ቃል የመጣው እርሳቸው ለዚህ ተግባር ከሰጡት ስያሜ ነው። አዲስ ሕዋስ እንደ ጨው ቅንጣት ከፈሳሽ ይረጋል ማለታቸው ግን ስሕተት ነበር። ሕዋስ ከሕዋስ ክፍፍል እንደሚገኝ በኋላ ሮበርት ሬማክና ሩዶልፍ ፊርሖ አስረዱ።

ሽዋን በ1839 ወደ ቤልጅየም ሄደው በሉቨን፣ ከ1848 ጀምሮም በሊዬዥ አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ ያሳተሙት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ዘመናቸውን ለማስተማር ሰጡ። በ1882 በኮሎኝ ከተማ አረፉ።