እቴጌ ጣይቱ በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ አጠገብ

በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የሆነው የሆለታ ገነት ቤተ መንግሥት የዐፄ ምኒልክ ነበር። የባለቤታቸው የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በአድዋ ዘመቻ ቢገንም፣ ከዚያ በኋላ የመጣባቸው ፈተና የቤት ውስጥ ነበር። ሕመም እየተመላለሰ የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ያዘ። እቴጌይቱ በአንድ በኩል ባላቸውን ያስታምማሉ፣ በሌላ በኩል ይሾማሉ፣ ይሽራሉ።

መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ማስታመም እንደ ግዞት መታሰቡ ያስገርማል፤ እርሳቸው ቀድሞም አልተለዩአቸውምና። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ተከተሏቸው፤ አፅማቸውም በኋላ በበዓታ ከባላቸው ጋር ዐረፈ።