አቡነ ጴጥሮስ

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በሚገባ ተምረው መነኮሱ፤ በ1921 ዓ.ም. ማዕረገ ጵጵስና ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመቱ። የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ካበቃ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሰደዱ። ከመኳንንቱም ብዙዎች ያንኑ መንገድ ተከተሉ። አቡነ ጴጥሮስ ግን መከራ ከወደቀበት ሕዝብ አልተለዩም፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው አርበኞችን ያበረታቱ ጀመር።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በተዋጉ ጊዜ ጳጳሱ በጠላት እጅ ወደቁ። ከሳሹም ዳኛውም ወራሪው ራሱ ነበረ። አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙና ለኢጣሊያ እንዲገዙ ተጠየቁ። አንዲት የሐሰት ቃል ነፍሳቸውን ልታተርፍላቸው ትችል ነበር። እርሳቸው ግን ሐሰት ከመመስከር ሞትን መረጡ። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛም እንደ ገዘቱ ይነገራል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

በዚያች ከተማ የቆመው ሐውልታቸው፣ እምነት በመከራ ቀን በሥራ እንደሚፈተን ለትውልድ ያስታውሳል።