ኢማም ሻሚል፦ የተራራው መንገድና ሰብር

ውድ አንባቢ ሆይ! ገደልና አምባ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የወሎን ዳገት ሸክም ይዞ የወጣ ሰው ጉልበት የሚከዳው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናስታውሳቸው ኢማም ሻሚል (አላህ ይዘንላቸው) ለ25 ዓመታት በእንዲህ ያለ ምድር ጦር እየመሩ የተጓዙ ሰው ነበሩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ኢማም ሻሚል በ1797 በካውካሰስ ተራሮች፣ በዳግስታን፣ ጊምሪ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው በሽተኛ ስለነበሩ ዓሊ የሚለው የመጀመሪያ ስማቸው ሻሚል ተብሎ እንደተለወጠ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው ጠነከረ፤ ደረሳ ሆነውም ዒልም ፈለጉ።

በዚያ ዘመን የሩሲያ ቄሣር ጦር ካውካሰስን ጠቅልሎ ለመያዝ ይገፋ ነበር። በ1832 ጊምሪ ስትወድቅ የመጀመሪያው ኢማም ጋዚ ሙሐመድ ተገደሉ። ሻሚል ግን ደረታቸውን በሳንጃ ተወግተው አመለጡ። ሁለተኛው ኢማም ሐምዛት ቤክም ከተገደሉ በኋላ፣ በ1834 ኢማምነቱ በእርሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ የከበደው ጉዞ በ1839 መጣ። አኹልጎ በሚባል አምባ ላይ ከነቤተሰባቸው 80 ቀን ያህል ተከበቡ። ለድርድር ሲሉ ገና ሕፃን የነበረውን የበኩር ልጃቸውን ጀማሉዲንን መያዣ አድርገው ሰጡ፤ ድርድሩ ግን ፈረሰ፣ ልጁም ወደ ሩሲያ ተወሰደ። አምባው ሲሰበር እህታቸው፣ አንዲት ሚስታቸውና ጨቅላ ልጃቸው ሞቱ። ኢማሙ ከተረፉት ቤተሰቦቻቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በሌሊት ገደሉን ወርደው ወደ ወንዙ ሸለቆ ገቡ። አስቡት! ቁስለኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ትንሽ ልጅ፣ በጠላት ዘብ መካከል፣ በእግር!

ጠላት ነገሩ አበቃለት ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ተራራውን አቋርጠው ቼቼንያ ደረሱ፤ ዓመት ሳይሞላም የዚያ አገር ሕዝብ ከጎናቸው ተሰለፈ።

በ1845 ደግሞ ተራራው ራሱ የጦር መሣሪያ ሆነላቸው። ልዑል ቮሮንትሶቭ የሚባሉት የሩሲያ አዛዥ መቀመጫቸውን ዳርጎን ለመያዝ ብዙ ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። ኢማሙ ዳርጎን ራሳቸው አቃጥለው ለቀቁላቸው። የሩሲያ ወታደር ከባዱን ጓዝና መድፍ በጠባቡ የጫካ መንገድ ሲጎትት፣ የኢማሙ ሰዎች ከዛፉና ከገደሉ ሥር ይጠብቁት ነበር። ስንቅ ለማምጣት የተላከው ክፍል በመንገድ ላይ ክፉኛ ተመታ፤ በዚያ ዘመቻ ሦስት ጄኔራሎች ወደቁ። የቀረውም ተርቦ ሊያልቅ ሲል ሌላ ጦር ደርሶ አተረፈው።

ውድ አንባቢ፣ ድሉ ግን ሐዘናቸውን አላጠፋውም። ጀማሉዲን ከአባቱ እቅፍ ርቆ በሩሲያ 16 ዓመት ያህል አደገ። በ1855 በምርኮኞች ልዋጭ ተመለሰ፤ በ1858 ግን ታሞ ሞተ። ይህን ሁሉ ተሸክመው ኢማሙ መንገዳቸውን አላቋረጡም።

በመጨረሻ በ1859 ጉኒብ በሚባል አምባ ላይ 400 ያህል ሰዎች ይዘው በብዙ ሺህ ጦር ተከበቡ። እስከ ሞት መዋጋት ይችሉ ነበር። ነገር ግን አብረዋቸው ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የአኹልጎንም እልቂት በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ከአምባው ወርደው እጃቸውን ሰጡ። ያች ቁልቁለት ከዳገቱ ሁሉ ሳትከብዳቸው አልቀረችም።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በሩሲያ በግዞት ኖሩ። በ1869 ሐጅ እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው፤ ሐጃቸውንም ፈጸሙ። በ1871 በመዲና ወደ አኼራ ሄዱ፤ በበቂዕ መቃብርም ተቀበሩ።

እንግዲህ ሰብር ምን እንደሆነ ከዚህ ሕይወት እንማር። ሰብር ዳገቱን መውጣት ብቻ አይደለም። ልጅን አጥቶ መቀጠልም፣ የሌሎችን ነፍስ ለማትረፍ ክብርን ትቶ መውረድም ሰብር ነው። እኛም በየቤታችን የየራሳችን ዳገት አለን። አላህ ለኢማም ሻሚል ይዘንላቸው፤ ለእኛም ሰብሩን ይስጠን። አሚን።