በልብስ ነግሦ በዕዳ የተሰደደው ጆርጅ ብራመል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት ወር 1816 ለንደን ከተማ ውስጥ በታዋቂው አጫራች በክሪስቲ አማካይነት የአንድ ሰው ንብረት ለሽያጭ ቀረበ። ከዕቃዎቹ መካከል የፈረንሳይ ሴቭር ሸክላ፣ መጻሕፍትና ምርጥ የወይን ጠጅ ይገኙበት ነበር። ባለንብረቱ ግን በስፍራው አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በፊት ማታ በኦፔራ ቤት ከታየ በኋላ በሠረገላ ወደ ዶቨር ወደብ ገሥግሦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ፈረንሳይ ገብቷል። ይህ ሰው የእንግሊዝ መኳንንት ምን መልበስ እንዳለባቸው ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል ሲወስን የኖረው ጆርጅ ብራያን ብራመል ነበር።

ብራመል በ1778 የተወለደው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች መኖሪያ በሆነው በዳውኒንግ ጎዳና ነው። ይህም አባቱ ዊልያም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ ኖርዝ የግል ጸሐፊ ስለነበር እንጂ ቤተሰቡ ከባላባት ወገን ስለሆነ አልነበረም። አያቱ ለመኳንንት ክፍል እያከራየ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ ግን በኢተን ትምህርት ቤት ከመሳፍንት ልጆች ጋር ተማረ፤ በኦክስፎርድም ለአጭር ጊዜ ቆየ። በ1794 አባቱ ሲሞት በዚያው ዓመት የዌልስ ልዑል ጆርጅ ወደሚመራው 10ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ገባ። ከእርሱ በአሥራ ስድስት ዓመት የሚበልጠው ልዑል ወዳጁ ሆነ፤ ወጣቱም ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሻምበልነት ማዕረግ አገኘ። ክፍለ ጦሩ ወደ ማንቸስተር እንዲዛወር ሲታዘዝ ግን ከቤተ መንግሥቱና ከለንደን መራቅን ስላልፈለገ ሠራዊቱን ተሰናበተ። ለአካለ መጠን ሲደርስ ወደ 30,000 ፓውንድ የሚጠጋ ውርስ እጁ ገባ። በሜይፌር ሠፈር ቤት ይዞም ብዙ ትርፍ ሠረገላና ፈረስ ሳያስከትል፣ ነገር ግን በተመረጠ ዕቃና በጥሩ ገበታ መኖር ጀመረ።

በዚያ ዘመን የባለጸጋ ወንድ ልብስ ሀብትን በዐደባባይ የሚያሳይ ነበር። ሐር፣ ከፋይ፣ የወርቅና የብር ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ የሚያብረቀርቅ የጫማ ማያያዣ፣ በዱቄት የነጣ ፀጉር፤ ይህ ሁሉ የክብር ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ልዑሉ ራሱ ለልብስ፣ ለሕንፃና ለግብዣ ገንዘብ ሲረጭ ኖሮ በ1795 ዕዳው 630,000 ፓውንድ መድረሱ ይታወቃል፤ ጉዳዩም ለፓርላማ ቀርቦ የሚከፈልበት መንገድ ተበጀለት። በዚያው ዓመት መንግሥት ፀጉሩን በዱቄት በሚያነጣ ሰው ላይ በዓመት አንድ ጊኒ ግብር ጣለ። ብዙ ወጣቶች ግብሩን ከመክፈል ይልቅ ዱቄቱን ተዉ። ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ደግሞ የመኳንንትነት ጌጥ ጥርጣሬን የሚያስነሣ ነገር ሆኖ ነበር። ብራመል ወደ ለንደን ማኅበራዊ ሕይወት የገባው በዚህ የለውጥ ወቅት ነው። ለውጡን ብቻውን ፈጠረው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ መልክና ሥርዓት የሰጠው ግን እርሱ ነው።

ቀን ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሰደርያ፣ ከእግር ጋር የሚጣበቅ ሱሪና ጥቁር ቦት ጫማ ይለብስ ነበር። ማታ ደግሞ ሰማያዊ ኮት፣ ነጭ ሰደርያና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ሱሪ ያደርጋል። ጥልፍ የለ፣ ሽቶ የለ፣ ጌጥም ከሞላ ጎደል የለም። ዓይንን የሚስበው የልብሱ አቆራረጥ ነበር። ሐር በቅርጽ አይታዘዝም፤ ሱፍ ግን በእርጥበትና በካውያ እየተሳበና እየተኮማተረ የሰውን ትከሻና ደረት ሊከተል ይችላል። የለንደን ልብስ ሰፊዎች ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ብራመል ከሽዋይትዘርና ዴቪድሰን፣ ከዌስተንና ከማየር ዘንድ ያሰፋ ነበር። ሱሪው እንዳይጨማደድ ከጫማ ሥር በሚያልፍ ጠፍር መወጠርም ከእርሱና ከማየር ስም ጋር ይያያዛል።

ከሁሉ የገነነው ግን የአንገቱ ጨርቅ ነው። ቀድሞ ልፍስፍስ ብሎ ይንጠለጠል የነበረውን ነጭ ጨርቅ በስሱ አሚዶ አስነክሮ ቀጥ እንዲል አደረገው። ሲጠመጠም አንዲት እጥፋት ከተዛነፈች ጨርቁ ይጣላል፣ ሌላ ይመጣል። አገልጋዩ ሮቢንሰን ያልተሳኩትን ጨርቆች ታቅፎ ደረጃውን ሲወርድ ይታይ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች አውርተዋል። በየቀኑ ገላውን ይታጠባል፣ ጥርሱን ይፍቃል፣ ጢሙን በጥንቃቄ ይላጫል፤ ይህ ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም በዚያን ጊዜ በሽቶ ብዛት ንጽሕናን መተካት የለመዱትን መኳንንት የሚያስገርም ነበር። የወደፊቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት ወደ ቤቱ እየመጣ ወዳጁ ሲለብስ ተቀምጦ ይመለከት እንደነበር ይነገራል።

ይህ ቀላል የሚመስል አለባበስ ርካሽ አልነበረም። የወርቅ ጥልፍ ያለው ኮት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ነጭ በፍታ ግን በቀን ውስጥ ያድፋል። ብራመል ብዙ ሸሚዝና የአንገት ጨርቅ ያስፈልገው ነበር፤ በከሰል ጭስ ከጠቆረው የለንደን አየር እንዲርቁም ወደ ገጠር ተልከው እንዲታጠቡ ያደርግ ነበር። አንድን ወጣት በአግባቡ ለማልበስ በቁጠባ ከተያዘ በዓመት 800 ፓውንድ ሊበቃ እንደሚችል ለአንዲት እናት መልሶላታል ተብሎ ይወራለታል። ነገሩ ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ የእጅ ባለሙያ በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ በሚያገኝበት አገር የተነገረ ቀልድ ነው። እርሱን ለመምሰል የተነሡ ወጣቶች አቆራረጡንም አጥበቱንም ሲኮርጁ ወጪውንም አብረው ወረሱ።

ወጪው ደግሞ ወዲያውኑ የሚከፈል አልነበረም። ጨዋ ሰው የልብስ ሰፊውን ሒሳብ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያሳድራል፤ በቁማር የተበላውን ግን የክብር ዕዳ ነው ተብሎ ሳይውል ሳያድር ይከፍላል። በመርፌና በካውያ ሌሊቱን ያነጋው ሠራተኛ ተራ የሚደርሰው ከቁማርተኛው በኋላ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹም የብራመል ደንበኝነት ሌሎች ደንበኞችን ስለሚጠራላቸው አይጨክኑበትም።

ልዑሉ በ1811 በአባቱ ምትክ አገሪቱን ማስተዳደር ከጀመረ በኋላ በሁለቱ መካከል የነበረው ወዳጅነት እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1813 ብራመልና ሦስት ባልንጀሮቹ ባዘጋጁት የጭምብል ግብዣ ላይ ልዑሉ ሌሎቹን ሰላም ብሎ ብራመልን እንዳላየ ሆኖ አለፈው። ብራመልም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያ ወፍራም ወዳጃቸው ማን እንደሆነ ከአጠገቡ ያለውን ሎርድ አልቫንሊን ጠየቀው። በውፍረቱ የሚሸማቀቀው ልዑል ይህን ይቅር አላለም። የሚገርመው ብራመል ወዲያው አለመውደቁ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለሦስት ዓመታት ያህል በዋይትስ ክበብ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው አለባበስ ሲፈርድ ቆይቷል።

የጣለው ቁማር ነው። በዋቲየር ክበብ አንድ ሰሞን ብዙ ገንዘብ አሸነፈ፤ ቀጥሎ ያንን ሁሉ ከውርሱ ጋር ተበላ። ከዚያም ከወዳጆቹ ጋር በጋራ ዋስትና ተበደረ፤ ወዳጆቹም የእርሱን ድርሻ ጭምር የሚሸከሙ ሆኑ። ሜይለር የተባለ የክበቡ አባል ነገሩን በዐደባባይ ሲያወጣ የብራመል ስም ተበላሸ። በዘመኑ ሕግ የመኳንንት ምክር ቤት ወይም የፓርላማ አባል በዕዳ አይታሰርም፤ የልዑልን ዕዳ ደግሞ ፓርላማ ይመክርበታል። የቤት አከራይ የልጅ ልጅ ለሆነው ብራመል ግን ወህኒ ቤት ክፍት ነበር። ስለዚህ ሸሸ።

በካሌ ከተማ አሥራ አራት ዓመታት ኖረ። በእንግሊዝ የቀሩ ወዳጆቹ ገንዘብ ይልኩለት ነበር፤ እርሱ ግን እንደገና ውድ የቤት ዕቃ እየገዛ እንደገና ተበደረ። በ1821 የቀድሞ ወዳጁ፣ አሁን ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ፣ በካሌ በኩል ሲያልፍ ሳያነጋግረው ሄደ። በ1830 በኖርማንዲ በምትገኘው ካን ከተማ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ ካሌን ለመልቀቅ ግን ከደመወዙ አብዛኛውን ለአበዳሪዎቹ ማስያዝ ነበረበት። የተሻለ ቦታ አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ቆንስላው ለመንግሥት እንደማያስፈልግ ለለንደን ጻፈ። ለንደንም ምክሩን ተቀብሎ በ1832 ቆንስላውን ዘጋ፤ ሌላ ሹመት ግን አልሰጠውም።

በ1835 አበዳሪዎቹ አሳስረውት በካን ወህኒ ቤት ጥቂት ወራት አሳለፈ። በእስር ላይ እያለም መታጠቢያ ውኃና ንጹሕ ልብስ መፈለጉን አልተወም። ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ካስፈቱት በኋላ የእጥበት ወጪ ስለከበደው ዝነኛውን ነጭ የአንገት ጨርቅ በጥቁር ሐር ለወጠው። ጥቁር እድፍ አያሳይም። በኋላም አእምሮው ደከመ፤ ሰውነቱን መጠበቅ አቃተው፤ ልብሱ ተቀደደ። አንዳንድ ማታ በሆቴል ክፍሉ ሻማ እያስበራ፣ በሩን እያስከፈተ፣ የድሮ የለንደን እመቤቶችና መሳፍንት ስማቸው እየተጠራ ሲገቡ የሚያይ ይመስል እጅ ይነሣ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሻምበል ጄሲ መዝግቧል። ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

በመጨረሻ ቦን ሶቨር በተባለው፣ መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት የሕሙማን ማቆያ ገባ። ንጹሕ አልጋና የሚነድ እሳት ባለበት ክፍል ከቆየ በኋላ መጋቢት 30 ቀን 1840 በ61 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያው በካን ከተማም ተቀበረ።