ግጥም ሳይጽፍ ገጣሚ የሆነው አናጢ

በታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰው ንጉሥ አይደለም፣ ሯጭም ዘፋኝም አይደለም። አናጢ ነው። ስሙ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ይባላል። ገጣሚ ያልኩት ግጥም ስለሚጽፍ ሳይሆን እንጨት ከእንጨት ስለሚገጥም ነው። በተለይም የጊታርን አንገት ከሳጥኑ ጋር።

ማርቲን የተወለደው ጥር 31 ቀን 1796 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ ዛሬ ማርክኖይኪርሽን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ሲሆን ጊታርም ይሠራ ነበር። ስለዚህ ልጁ ያደገው በመጋዝና በመላጊያ መካከል ነው። እኛ ዘንድ የዶርዜ ልጅ ሽመናን ከአባቱ እንደሚማረው ማለት ነው። ገና ወጣት ሳለ ወደ ቪየና ከተማ ሄዶ ዮሐን ጊዮርግ ሽታውፈር ከሚባል ስመ ጥር ጊታር ሠሪ ጋር ሠራ። እዚያው በ1825 ኦቲሊ የምትባል የመሣሪያ ሠሪ ልጅ አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ።

አሁን ወደ አንገቱ ልግባ። በክበባችን የምናውቀው ክራር አንገት የለውም፤ ሁለት ክንዶችና ከላይ የሚያያዛቸው እንጨት ነው ያለው። ማሲንቆ ግን አንገት አለው። ዘንጉ ቆዳ በተወጠረበት ሳጥን ከላይ ገብቶ በታች ይወጣል። የፈረስ ጭራው ቢወጠርም ጉልበቱን የሚችለው ያው አንድ ዘንግ ስለሆነ መጋጠሚያው ብዙ አያስቸግርም። ጊታርና ትንሿ ዘመዱ ዩኩሌሌ ግን እንዲህ አይደሉም። አንገታቸው ሳጥኑን አልፎ አይሄድም፣ ጫፉ ላይ ይቆማል። ክሮቹ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ይስቡታል። መጋጠሚያው ትንሽ ከላላ አንገቱ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ ጣት ያምማል፣ ድምፁም ከቅኝት ይወጣል። በቃ፣ መሣሪያው ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

የቪየናው ሽታውፈር ለዚህ አንድ ብልሃት ነበረው። አንገቱን በኮላ ከማጣበቅ ይልቅ በብሎን ይይዘዋል። ብሎኑ በአንገቱ ተረከዝ በኩል ገብቶ የሰዓት መሙያ በሚመስል ቁልፍ ሲዞር አንገቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ክሮቹም አብረው ይስተካከላሉ። ማርቲን ይህን ተምሮ ቀደም ባሉት ጊታሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል።

ታዲያ ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ምን ገጠመው መሰላችሁ? ክርክር! በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማኅበር ነበረው። የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር፣ ጊታር መሥራት የእኛ ብቻ ነው፣ አናጢ ወንበሩንና ቁም ሳጥኑን ይሥራ ብሎ አመለከተ። ራሳቸውን የጥበብ ሰዎች፣ አናጢዎቹን ደግሞ ዝቅ ያሉ ዕቃ ሠሪዎች አድርገው አቀረቡ። ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። በመጨረሻ ለአናጢዎቹ ተፈረደላቸው። ማርቲን ግን ፍርዱ ብቻ አላረካውም። ሰው በእጁ ሥራ ሳይሆን በማኅበሩ ስም በሚመዘንበት ቦታ ልጆቹ እንደማያድጉ ገባው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ እኛ አገር ላንሣ። እኛም ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩን በሥራቸው ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ነበረን፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ግን እኮ በዓል ሲደርስ ዱንጉዛውን እንለብሳለን፣ በሸክላው እንበላለን። የማርቲን ታሪክ ለእኛም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማርቲን በመስከረም 1833 ቤተሰቡን ይዞ በመርከብ ተሳፈረ። ሁለት ወር ገደማ ተጉዞ በኅዳር ኒውዮርክ ደረሰ። ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር። በሐድሰን ጎዳና ሱቅ ከፍቶ ጊታር ይሠራል፣ ክርና የሙዚቃ ወረቀትም ይሸጣል። ከተማው ግን ለቤተሰቡ አልተስማማም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ናዝሬት ስላችሁ የእኛዋ አዳማ እንዳትመስላችሁ፣ ይህች አሜሪካ ያለች ናት።

እያደር የብሎኑ አንገት ቀርቶ በጥብቅ የሚገጠመው አንገት ቦታውን ያዘ። የማርቲን ቤት የሚታወቅበት አገጣጠም እንዲህ ነው። የአንገቱ ጫፍ እንደ ተዘረጋ የወፍ ጅራት እየሰፋ እንዲሄድ ይቀረጻል። በሳጥኑ ውስጥ ባለው ወፍራም እንጨት ላይ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ የሚቀበል ቦታ በመሮ ይቦረቦራል። ጅራቱ ከላይ ወደ ታች ተንሸራቶ ይገባል። ወደ ውስጥ ሰፊ ስለሆነ ክር ቢስበውም ወደ ፊት አይወጣም። ልኩን ለማወቅ ሠሪዎች ምን እንደሚቀቡ ታውቃላችሁ? ጠመኔ! ጠመኔው የታተመበት ቦታ ከፍ ያለ ነውና ይፋቃል፣ እንደገና ይሞከራል። በአንገቱ ላይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይጋደማል። ተረከዙ ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ስሕተት ካለ ሌላው ጫፍ ላይ ብዙ ሆኖ ይታያል። ልክ ከሆነ በኋላ ነው ኮላ የሚቀባው። ወደፊት ጥገና ካስፈለገም ኮላው በእንፋሎት ሞቆ አንገቱ ሳይሰበር ይወጣል።

ማርቲን የካቲት 16 ቀን 1873 በ77 ዓመቱ አረፈ። ሥራው ግን አልሞተም፣ ልጁ ተረከበው፣ ቀጥሎ የልጅ ልጁ ፍራንክ። በፍራንክ ጊዜ ዩኩሌሌ ከሃዋይ ወጥታ በአሜሪካ ተወደደች። ይህችን ባለ 4 ክር መሣሪያ ሃዋይ ውስጥ የጀመሯት በ1879 ከፖርቹጋል ማዴይራ ደሴት የሄዱ እንጨት ሠሪዎች ናቸው። የማርቲን ቤት በ1907 ሲሞክራት የውስጥ ድጋፏን እንደ ጊታር ስላበዛባት ድምፅዋ ታፈነ። በ1916 ግን ቀለል አድርጎ ሠርቶ ለገበያ አቀረባት፣ በጣምም ተሸጠች። አንገቷም የተገጠመው በዚያው በወፍ ጅራቱ መንገድ ነው። ድርጅቱ እስከ ዛሬ በናዝሬት ከተማ አለ።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ የወሰድኩት ይህን ነው። ዝቅ አድርገው ላዩት ሰዎች መልስ የሰጠው በስድብ ሳይሆን በማይላላ መጋጠሚያ ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል የለ! እናንተም ሲቀላም ሆነ ሴቻ በእንጨት ሥራ ቤት በኩል ስታልፉ ቆም ብላችሁ የወንበሩ እግር ከመቀመጫው የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ። የባለሙያው ችሎታ ያለው እዚያ ነው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታዋቂ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።